ሰማንያ ስምንት ኪሎ ከነጫማው

«ጋሼ፣ እስቲ እዚህ ላይ ውጣ» አለው ሹፌሩን ታናሽ ወንድሙ። የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን ታቅፎ መጥቶ፣ የሳሎኑን ምንጣፍ በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ ባዶው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠው። ገና ማለዳ ነው፤ ሻዩ እንኳ አልተቀዳም። ሚዛኑ የወንድሙ ሚስት ነው፤ ጠዋት ጠዋት በር ዘግታ ብቻዋን የምትወጣበት፣ ወርዳም ቀኑን ሙሉ የምታኮርፍበት ዕቃ ነው እንጂ ሳሎን ወጥቶ አያውቅም። ሹፌሩ ከጓሮ ክፍሉ ተነስቶ ግቢውን አቋርጦ መምጣቱ ነው፤ እንቅልፉ ገና ከዓይኑ አልለቀቀም። ነገሩ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለና ጫማውን በተረከዙ ገፍቶ ሊያወልቅ ሲታገል ወንድሙ እጁን ዘረጋ። «አይ አይ፣ ከነጫማህ! መኪና ላይ በባዶ እግር አይወጣም እኮ።»

ይህች «መኪና» የምትል አንዲት ቃል ለሹፌሩ የቀኑ ስንቅ ሆነችው። ደረቱን ነፋ አድርጎ ወጣ። ወንድሙ በርከክ ብሎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ መርፌው እስኪረጋ ጠበቀና «ሰማንያ ስምንት» አለ። «ልክ ነው?» አለች ሚስቱ ከማድ ቤቱ በር። «ልክ ነው! ንቅንቅ አላለም።» ባልና ሚስት ጠፍቶባቸው የከረመ ቁልፍ እንዳገኙ ሰዎች ተያዩ። እናታቸው ጥግ ካለው ወንበሯ ላይ ሆና የሻይ ብርጭቆዋን ውስጡን ትመረምራለች፤ ብርጭቆው ግን ባዶ ነበር።

አንድ ሰው ሰማንያ ስምንት ኪሎ መሆኑ ለማን ነው ልክ የሚሆነው? ጥያቄው ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን በዚህ ቤት እሱ ጠያቂ ሆኖ አያውቅም፤ የሚነገረው ነው፤ ሲነገረውም ከሁሉ በኋላ ነው። ወሬ እዚህ ቤት እንደ ቧንቧ ውሃ ነው። ከፊት ክፍሎች ይነሳና ከወንድሙ ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ እናቱ እያለ፣ ጓሮ ያለችው ክፍል ሲደርስ ወይ ጠብታ ሆኗል ወይ ጠፍቷል። አባታቸው ሐኪም ቤት ተኝቶ የሞተ ለት እንኳ፣ እያንዳንዳቸው «ሌላው ነግሮታል» ብለው ሲያስቡ፣ እሱ ከአራተኛ ፎቅ የሰው ቁም ሣጥን በጀርባው አዝሎ ደረጃ ይወርድ ነበር። ያረዳችው የቁም ሣጥኑ ባለቤት ናት፤ እሷም ማርዳቷን ሳታውቅ፣ «ውይ፣ አባትዎ አርፈው ዛሬ ደግሞ ሥራ ገቡ እንዴ? ጠንካራ ነዎት» ብላ። ስለዚህ አልጠየቀም። ከሚዛኑ ወረደና ዳቦውን በሻይ እየነከረ በላ።

መኪናዋ የአባትየው ነበረች። መብራቶቿ ክብ፣ ጎማ የሚከድኑት ፓራፋንጎዎቿ እንደ ጉንጭ የተነፉ፣ በዕድሜ ከሱ የምትበልጥ አሮጌ ፒካፕ ናት። እሱ ከአስረኛ ክፍል ወጥቶ መሪ የያዘው በእሷ ላይ ነው፤ ታናሹ ደግሞ እሷ በምታመጣው ተምሮ፣ ክራቫት አስሮ ቢሮ የሚገባ፣ ወረቀት የሚያውቅ ሰው ሆነ። አባታቸው ሲሞት የመኪናዋ ሊብሬ ወረቀት በሚያውቀው ስም ዞረ፤ መሪው መሪ በሚያውቀው እጅ ቀረ። ማንም አልተከራከረም። ያን ጊዜ ነገሩ ፎርም መሙላት ብቻ ነበር የመሰለው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቤት ሲያዛውርባት ኖረ። በከተማው ውስጥ ገብቶ ያላየው ሳሎን የለም ማለት ይቻላል። የሀብታሙም የድሃውም ፍራሽ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ያው አንድ ዓይነት ካርታ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው። ደንበኛ «ስንት ምልልስ ይፈጃል?» ሲለው በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን አንዴ ያዞርና «ሁለት» ወይም «ሦስት» ይላል፤ ተሳስቶ አያውቅም። ቅጽል ስሙም ከዚያው ወጣለት፤ ሰዉ «ምልልስ» ይለዋል።

ባለፈው ዓመት ግን በስልክ የሚጠሩ፣ ጎናቸው የተዘጋ፣ ሠራተኛቸው አንድ ዓይነት ካናቴራ የሚለብስ አዳዲስ የጭነት መኪናዎች መጡ። ሥራው እየመነመነ ሄዶ ሄዶ ቆመ፤ ፒካፗ አራት ወር ግቢ ውስጥ ቆማ ቅጠል ረገፈባት። ያኔ ነው ወንድሙ እራት ላይ «ትታደስ» ያለው። ዝቅ ተደርገው የተሠሩ አሮጌ መኪናዎች ተፈላጊ ሆነዋል፤ ሙሽራ ይፈልጋቸዋል፣ ፎቶ አንሺ ይፈልጋቸዋል። ጭነት የሚሸከመው የኋላ ባሌስትራዋ ይቀነስ፣ የፊት ሞላዋ ይጠር፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ትራቅ። «ማን ይነዳታል?» ብሎ ሹፌሩ አልጠየቀም፤ አልጋዬ ላይ ማን ይተኛል ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ማንም «አንተ ትነዳታለህ» አላለውም። ማንም «አትነዳትም» አላለውም። ባዶውን ቦታ እሱ በሐሳቡ ሞላው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ በመስኮት ወጣ ያለ ክርን፣ በዝግታ፣ ያለ ቁም ሣጥን፣ ያለ ወገብ ሕመም።

«እማዬ፣ ነጩን ሸሚዜን ትተኩሺልኛለሽ?» አላት ከቁርስ በኋላ። እናቱ ያለ ቃል ተነስታ ካውያውን ሰካች። ሸሚዙ ሰፊ ነው፣ እጅጌው ረጅም ነው፣ እሷ ግን ኮሌታው ላይ ብቻ ትመላለሳለች፤ ትገለብጠዋለች፣ ውሃ ትረጭበታለች፣ እንደገና ትጫነዋለች።

«ምነው ኮሌታው ላይ ቀረሽ?»

«ጭምድዱ እምቢ አለኝ።»

ኮሌታው ላይ ጭምድድ አልነበረም። ሸሚዙን ሲለብስ ከላይ ያለችውን ቁልፍ ራሷ ቆለፈችለት፤ ይህን ካደረገች ሠላሳ ዓመት ሳያልፍ አይቀርም። አፏን ከፈት አደረገች። እሱም ጠበቀ። «ምሳ ይቆይልህ?» አለችው በመጨረሻ።

ወንድሙ ወደ ቢሮው ሲሄድ «ጋራዡ እየጠበቀህ ነው፤ እኔ በምሳ ሰዓት እመጣለሁ» ብሎት ስለነበር ብቻውን በእግሩ ወረደ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መኪናዋን አላያትም፤ «ሲያልቅ ታያታለህ» ተብሎ ነበር። መንገዱን ጎማ በጎማ ያውቀዋል። ከዳቦ ቤቱ ፊት ያለው ጉድጓድ በግራ ይታለፋል፤ የመድኃኒት ቤቱ መዞሪያ ላይ ጭነት ካለ በሁለተኛ ማርሽ ነው። በእግሩ ሲሄድም ጉድጓዱን በግራ አለፈው። ነጭ ሸሚዙን ያየች ሎተሪ አዟሪ «ዛሬስ ቆንጅዬ ነህ፣ አንድ ቁረጥ!» አለችው፤ «ዛሬ ወጥቶልኛል» ብሎ አለፋት።

የጋራዡን ባለቤት ሰው ሁሉ የሚጠራው «ውሃ ልክ» ብሎ ነው። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚይዝበት የሸሚዝ ኪስ እሱ የግንበኛ ውሃ ልክ ይዞ ስለሚዞር ነው፤ አጭር፣ ቢጫ፣ መሃሉ ላይ አረፋዋ ወዲያ ወዲህ የምትል። ሻይ ሲቀርብለት እንኳ መጀመሪያ ጠረጴዛውን ለክቶ ነው የሚጠጣው እያሉ ያሙታል። ሹፌሩ በሩ ላይ ሲደርስ ውሃ ልክ ከመኪናዋ ሥር አንገቱን ብቅ አደረገና «ክብደቱ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ሹፌሩም አብሯቸው ሳቀ።

«ሰማንያ ስምንት፣ ከነጫማዬ» አለ።

«ነጭ ሸሚዙ ምንድነው ታዲያ? ልታገባ ነው እንዴ?»

«እኔማ የሙሽራ ሹፌር ነኝ፣ ሙሽራ ሌላ ሰው ነው።»

የውሃ ልክ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከሥር ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ከዚያ የጠረገውን እጅ እንደገና ጠረገ። «በል ናማ እያት» አለ።

አያት። ድሮ ኮፈኗ ደረቱ ድረስ ይመጣ ነበር፤ አሁን እግሯን አጣጥፋ እንደተቀመጠች ሴት ጭኑ ሥር ቀርታለች። ዳማ ቀለም ተቀብታ፣ አዲስ ቸርኬ ገብቶላት፣ ጎማዎቿ ፓራፋንጎው ውስጥ እስከ ግማሽ ጠልቀው፣ ታምራለች። ማማሯን መካድ አይቻልም። ውሃ ልክ የሠራውን ሲያሳይ ድምፁ እየሞቀ መጣ። የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው አክስል ድሮ ከባሌስትራው ሥር ነበር፤ አሁን አውጥቶ ከላዩ አስቀምጦታል፤ እሱ ብቻውን አንድ ስንዝር አወረዳት። መኪናዋ ስትነጥር አክስሉ የመኪናዋን አጥንት፣ ሻንሲውን፣ እንዳይደበድበው በሁለቱም ጎን ሻንሲውን በግማሽ ክብ ቆርጦ፣ ቆረጣውን በወፍራም ላሜራ በይዶ አጠንክሮታል። በየጎኑ ተደራርበው ይሸከሟት ከነበሩት ሰባት የባሌስትራ ብረቶች ሦስቱን አስወጥቷል። የወጡት ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ሹፌሩ አጎንብሶ አንዷን ለየ፤ ከሌሎቹ ጠቆር ያለች፣ ጫፏ በእጅ መጋዝ ስለተቆረጠ የተንጋደደች። አንድ የማተሚያ ማሽን ከምድር ቤት ባወጡበት ዓመት፣ ነባሩ ባሌስትራ አይችለውም ብሎ ከወዳደቀ ብረት መካከል ራሱ መርጦ ያስጨመራት ናት።

«ይቺን አወጣሃት?»

«ከእንግዲህ ጭነት አይነካትም። ምን ትሠራላታለች?»

እውነት ነው፣ ሙሽራ ምን ይመዝናል ብሎ ራሱን አጽናና።

የቀረው ሥራ ማስተካከል ነበር። ሹፌር ሲቀመጥ መኪና በእሱ በኩል ትወርዳለች፤ ከፍ ያለች መኪና ላይ ማንም ልብ አይለውም፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ያለች መኪና ላይ ግን አንድ ጣት እንኳ ከመንገዱ ማዶ ይታያል። ስለዚህ ሰው ተቀምጦባት፣ ከባሌስትራው ሥር ስስ ስስ ብረት እየገባና እየወጣ፣ አረፋዋ መሃል እስክትቆም ይለካል። «ከረጢት አሸዋ አይሆንም?» ብሎ ከሠራተኞቹ አንዱ ጠይቆት ነበር አሉ። ውሃ ልክ ተቆጣ። ከረጢት ተቀመጠ ማለት ተጣለ ማለት ነው፤ ሰው ግን ይደገፋል፣ ክርኑን በሩ ላይ ያሳርፋል፣ ያስባል፤ ሲያስብ ደግሞ ይከብዳል።

ሹፌሩ ጋቢና ገባ። ድሮ እጀታ ይዞ፣ እግሩን ሰቅሎ፣ ተስቦ ነበር የሚወጣው፤ አሁን በርጩማ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ቁጭ አለ። ግራ እግሩን ሰደደ። እግሩ ባዶ ቦታ ረገጠ።

«መቀመጫውን ማን ነው ወደ ኋላ የወሰደው? ፍሪሲዮኑን አልደርስበትም እኮ።»

«አራት ጣት ነው የወሰድኩት» አለ ውሃ ልክ ከሥር። «ረጅም ነው።»

«ማን?»

ከሥር የመፍቻ ድምፅ ቆመ። «ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ምልልስ። አትነቃነቅብኝ፤ ውሃው ይረበሻል» የሚል መልስ መጣ።

ተቀመጠ። የመሃል መስተዋቱን ቀና ብሎ ሲያይ የሚታየው የጋራዡ ጣሪያ ነው፤ መስተዋቱም ለረጅም ሰው ተስተካክሏል። ቀኝ እጁ በልማድ ዕቃ ማስቀመጫውን ከፈተ፤ ውስጡ አዲስ ቀለም ይሸታል፣ ባዶ ነው። የሱ ዕቃዎች የት ሄዱ ብሎ ዓይኑን ሲወረውር፣ ብየዳ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አንድ የካርቶን ሳጥን አየ፤ የጭነት ገመዱ፣ የሶፋ ጥግ እንዳይጫር የሚያለብሰው ብርድ ልብስ፣ ክርኑ ያለቀ ሹራቡ፣ ከሁሉ በላይ የአባቱ የንባብ መነጽር። የሚሄድ ሰው ሻንጣ ይመስላል። በዚያች ደቂቃ ሆዱ አወቀ። ጭንቅላቱ ግን እምቢ አለ፤ ጭንቅላቱ ስለ ሙሽራ፣ ስለ ወጣ ያለ ክርን ሊያወራ ፈለገ። ከጠዋት ጀምሮ ያየውን ሁሉ እንደ ቤት ዕቃ አንድ በአንድ እያወጣ ግቢው ላይ ደረደረው፤ ሚዛኑን፣ «ልክ ነው?» ያለችውን የወንድሙን ሚስት፣ ባዶ የሻይ ብርጭቆ፣ ሦስት ጊዜ የተተኮሰ ኮሌታ። በር ላይ ቆሞ የሰው ቤት ስንት ምልልስ እንደሚሆን ባንዴ የሚያውቅ ሰው፣ የራሱን ቤት ለማወቅ ይህን ያህል ፈጀበት።

«ውሃ ልክ።»

«አቤት።»

«ረጅሙ ሰውዬ ስንት ኪሎ ነው?»

ውሃ ልክ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ሰማንያ ስምንት» አለ።

«ከነጫማው?»

«ከነጫማው።» ከሥር ተንሸራትቶ ወጣና በመስኮቱ ቁመት ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ፤ መኪናዋ ዝቅ ስላለች ፊት ለፊት ተያዩ። «ገዢዋ የጥርስ ሐኪም ነው። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ አለበት፣ ሁለት ሰዓት ቁጭ በል አይባልም፤ ወንድምህ የማመጣልህ ሰው ልክ እንደሱ ነው አለኝ። አልነገሩህም እንዴ?»

«ይነግሩኛል» አለ ሹፌሩ።

«መቼ?»

«ሲደርሰኝ።»

ውሃ ልክ እጁን በሩ ላይ አሳረፈ። ከፈለግህ ውረድ፣ እኔ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ የሚል ዓይነት አስተያየት ነበር። ሹፌሩ ግን አልወረደም። ምናልባት ሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ ግማሽ ደረጃ ላይ ጥሎ ሄዶ ስለማያውቅ ይሆናል። ምናልባትም የወረደ እንደሆነ ዳግም እንደማይወጣ ስላወቀ ነው። እጆቹን መሪው ላይ፣ ድሮ በሚይዝበት ቦታ አድርጎ፣ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ፣ የማይደርስ እግሩን ወደ ፍሪሲዮኑ ዘርግቶ ተቀመጠ። ከሥር ስስ ብረት ይገባል፣ ይወጣል፣ ቡሎን ይጠብቃል። ውሃ ልክ ቢጫውን ዕቃ አንዴ ወለሉ ላይ፣ አንዴ የኋላ ጭነት መያዣው ካሶኒ ላይ ያስቀምጥና ትንፋሹን ይዞ ያያል። «ተነፈስክ» ይለዋል አንዳንዴ። ሹፌሩም ትንፋሹን ይይዛል። እንዲህ ሲባባሉ ሁለት ሰዓት ሄደ፤ በመጨረሻ ውሃ ልክ ጉልበቱን ይዞ ተነሳና «ቆመች» አለ።

በምሳ ሰዓት ወንድሙ ከሐኪሙ ጋር መጣ። ሐኪሙ እውነትም ረጅም ነው፣ ትሑት ነው፣ እጁ ነጭና ንጹሕ ነው። ሹፌሩ ለመውረድ በሩን ከፈተ፤ ከዚያ ዝቅታ ለመነሳት ወለሉን በመዳፉ መደገፍ ነበረበት። ሲነሳ መኪናዋ በግራ ጎኗ አንድ ጣት ያህል እፎይ ብላ ቀና አለች። ሐኪሙ ገባ፤ ያቺው አንድ ጣት ተመልሳ ወረደች። ውሃ ልክ ቢጫውን ዕቃ አስቀመጠ፣ አየ፣ ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ፤ አረፋዋ መሃል ላይ ቀጥ ብላለች።

«ድንቅ ነው! እንዴት እንዲህ ልክ መጣ?» አለ ሐኪሙ።

«በእርስዎ ልክ ሰው አስቀምጠን ነው፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ ወደ ሹፌሩ ዞረ። «እርስዎ ነዎት? ወገብዎ አልደከመም? በጣም አመሰግናለሁ።» ከዚያ ወንድምየውን ቀና ብሎ አየና «ማን ናቸው?» አለው።

ወንድሙ ክራቫቱን ነካ አደረገ። «ሹፌራችን ነበር» አለ።

ሹፌሩ ቃሏን ተቀበላት። ሐሰት የለባትም፤ ሹፌር ነው፣ የእነሱ ነው፣ ነበር። እንዲያውም ፈገግ አለ፤ ፈገግታውም ጣጣ አመጣ። ሐኪሙ የሥራ ነገር ሆኖበት ሰው ሲስቅ የሚያየው ጥርሱን ነው። አንዴ ሹፌሩን፣ አንዴ ወንድሙን አየና ልጅ እንደሚደሰት ተደሰተ። «ይገርማል! የላይኛው የፊት ጥርሳችሁ ፍንጭት አንድ ነው፤ የግራው ወደ ውስጥ ዘንበል ማለቱ ሳይቀር። እንዲህ ያለው በዘር ካልሆነ አይመጣም። ዘመድ ናችሁ እንዴ?»

ወንድሙ አፉን ገጠመ። ከንፈሩ ጥርሱ ላይ ሲዘጋ፣ ልጅ እያለ የሰረቀውን ስኳር አፉ ውስጥ ሲደብቅ የነበረው ፊቱ ተመልሶ መጣ።

«አንድ ግቢ ነው የምንኖረው» አለ ሹፌሩ።

ሐኪሙ ከውሃ ልክ ጋር ስለ ጎማ አየር ሊነጋገር ዞር ሲል ወንድሙ ጠጋ አለው። ፊቱ ቀልቷል። «ጋሼ… እማዬ የነገረችህ መስሎኝ።»

«እሷ አንተ የነገርከኝ መስሏታል።»

«ሚስቴም እኮ… እኔ ንገሪው ብያት…» አልጨረሰውም። «ገዢ ሲገኝ ምን ላድርግ? ቆማ ዝጋ ልትጨርስ ነበር። ላንተም እኮ ነው የማስበው፤ ወገብህም አልቋል።»

ሹፌሩ ኮሌታውን ነካ። የካውያው ሙቀት ገና ያለበት መሰለው። «ወረቀቱ ያንተ ነው» አለ።

ሐኪሙ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩ ሲነሳ፣ «ግቡ፣ ላድርሳችሁ» አለ፤ ወንድሙ ከጎኑ ገባ። «እርስዎም ከኋላ ይውጡ፣ በመንገዴ ነው።»

ሹፌሩ የካሶኒውን ጠርዝ ያዘ፤ እጁ ራሱ ነው የያዘው፣ ልማድ ነው። ውሃ ልክ ግን እንደተቃጠለ ሰው ጮኸ። «ኧረ ዶክተር፣ ከኋላ ማንም አይወጣም! ባሌስትራዋ ቀጭን ነው፤ አንድ ሰው ከተጨመረ ጎማው ፓራፋንጎውን ይበላዋል።» ከጮኸ በኋላ ማን ላይ እንደጮኸ ገባውና ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ይቺ መኪና የማተሚያ ማሽን ተሸክማለች፤ የስንቱን ቤት፣ የስንቱን ትዳር ዕቃ ሲጋባም ሲፋታም ተሸክማለች። ሹፌሩ እጁን ከጠርዙ አነሳ። «በእግሬ እደርሳለሁ» አለ።

የጋራዡ በር ሥር የዝናብ ውሃ እንዳይገባ የተሠራ የሲሚንቶ ጉብታ አለ። ሐኪሙ በቀጥታ ሊወጣ ሲል ከሥር ክርር የሚል ድምፅ ተሰማና ደነገጠ። ሹፌሩ ሳያስበው ፊት ቀድሞ ቆሟል። ሁለት እጁን አንስቶ፣ ነጭ ሸሚዙ ፀሐይ ላይ እያበራ፣ «ቁም! በአግድም ነው የምትወጣው… ግራ ስበር… ቀስ፣ ቀስ… ና፣ ና… አሁን መልስ» እያለ፣ አንድ ጎማ ከአንድ ጎማ በኋላ፣ ሳትጫር አወጣት። ሐኪሙ በመስኮት እጁን አወዛወዘ። ወንድሙ ፊት ለፊቱን ብቻ ያይ ነበር።

ሳጥኑን አልወሰደም፤ መነጽሩን ብቻ ኪሱ ከተተ። ከግድግዳው ሥር ግን ያቺን ጫፏ የተንጋደደ ብረት አነሳ። «ምን ታደርግባታለህ?» አለ ውሃ ልክ፤ «ውሰዳት፣ ውሰዳት፣ እንዲያው ነው።» ምን እንደሚያደርግባት አያውቅም። ትከሻው ላይ አደረጋትና ወጣ። አቀበቱ ከጠዋቱ ይረዝማል። ብረቷ በየእርምጃው ትከሻውን ትነክሳለች፤ ቅባቷ በሸሚዙ ላይ ይወርዳል። ሎተሪ አዟሪዋ ከሩቅ አይታው ልትጣራ አፏን ከፈተችና፣ ቀረብ ሲል ተወችው። ከዳቦ ቤቱ ፊት ያለውን ጉድጓድ ረሳው፤ መሃሉን ረገጠው።

ቤት ሲገባ እናቱ እዚያው ወንበሯ ላይ ናት። ምሳው ጠረጴዛው ላይ በሰሃን ተከድኗል። ሚዛኑም ማንም ሳያነሳው ሳሎኑ መሃል፣ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል። የወንድሙ ሚስት ከውስጥ ሆና ድምፁን ሰማችና፣ «ጋሼ፣ መጡ እንዴ? ይቅርታ፣ ያንን ሚዛን ወደ ቦታው ያደርጉልኝ፤ ልጆቹ ይሰናከሉበታል» አለች፤ ብቅ ግን አላለችም።

«መጣህ?» አለች እናቱ።

«መጣሁ።»

«ቀዝቅዟል፤ ላሙቀው?» መልስ ሳትጠብቅ ትከሻው ላይ ያለውን አየች፤ ከዚያ ሸሚዙን፣ ከዚያ ኮሌታውን። እጇ ከጭኗ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ። «ልጄ፣ እኔ እኮ እሱ…»

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

ብረቷን ሳያወርድ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ሚዛኑ ላይ ወጣ። መርፌው ሰማንያ ስምንትን አልፎ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። እናቱ ከወንበሯ ተነስታ፣ ግድግዳ እየደገፈች መጥታ አጎነበሰች፤ ዓይኗ ግን ቁጥሩን አይለይላትም። ከኪሱ የአባቱን መነጽር አውጥቶ ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም።

«ስንት ሆንክ?» አለች ቀና ሳትል።

«ዘጠና ሰባት» አለ መርፌው ሲረጋ። «አሁን ለማንም ልክ አልመጣም።»